ከ«አሜን» በፊት

አቃቂ፣ ዓርብ ጥር 23 ቀን

ለምወድህ ወንድም ጋሼ፣

የጌታ ሰላም ባለህበት ይድረስህ። ጤናህ እንዴት ነው? የአርባ ምንጭ ሙቀትስ ለመደህ? ዓሣ መብላት ከጀመርኩ ወዲህ ጨጓራዬ ተሻለኝ ብለህ ለእማዬ ነግረሃታል አሉ። እሷን አታለልክ እንጂ እኔን አታታልለኝም፤ መድኃኒትህን በሰዓቱ ዋጥ። እኛ ተመስገን ነው። እማዬ ጉልበቷን ያማታል እንጂ ምላሷ ምንም አልሆነ፤ ትናንት ከሆስፒታል ስንወጣ ሐኪሙን ራሱን ስትመክረው ነበር።

ጽሑፌን አይተህ አትደንግጥ። የአንደኛ ክፍል ልጅ ጽፎልኝ አይደለም፣ እኔው ነኝ፤ በግራ እጄ ነው። ቀኙ በፋሻ ተጠቅልሎ አንገቴ ላይ ተንጠልጥሏል። ይህችን ያህል ለመጻፍ አንድ ሰዓት ፈጅቶብኛል፣ ላቤ ጠብ እስኪል። እማዬ እኔ ልጻፍልሽ ብላ ለምናኝ ነበር፤ ይሄን ደብዳቤ ግን ከኔ በቀር ማንም አይጽፈውም።

ታዲያ ለምን አልደወልሽም ትለኝ ይሆናል። አንተ ደውለህልኝ የለ? ረቡዕ ዕለት ሆስፒታል ተኝቼ ደወልክ፣ ሩብ ሰዓት ሙሉ አወራህ፣ እኔ «እ» እና «እሺ» ብቻ ብዬ ተዘጋ። በስልክ ሰው አታስጨርስም፤ ከልጅነትህ ጀምሮ እንደዚሁ ነህ፣ ስብከቱ ደግሞ አባሰብህ። ወረቀት ላይ ግን ልታቋርጠኝ አትችልም። ስለዚህ ቁጭ በልና እስከ መጨረሻው አንብበው። የሚያደርስልህ ጎረቤታችን አቡዘር ነው። ነገ ጠዋት ዱቄት ጭኖ ይነሳል፤ ሐዋሳ የሚያራግፈው ስላለ ሰኞ ከሰዓት ካንተ ዘንድ ይደርሳል።

በስልክ ያልከኝን አንድ በአንድ አስታውሰዋለሁ። እልል በይ አልከኝ። እግዚአብሔር በእጅሽ ተጠቀመ፣ ልጅቷን ከሞት አፍ አወጣሽ፣ ይሄ ተአምር ነው አልከኝ። እሁድ ከአምልኮ በኋላ ጉባኤው ፊት ቆመሽ መስክሪ፣ ሥራ አስኪያጁ ዘካሪያስ ፕሮግራም ይዞልሻል፣ የልጆች ካምፓችንን የሚረዱት እንግዶችም ይገኛሉ፤ ይሄ ምስክርነት ካምፑን ወደ ሌላ ምዕራፍ ያሻግረዋል አልከኝ። ስለ በጎ ፈቃደኛችን ስለ ወንድዬ ግን አንዲት ነገር ብቻ ነው ያልከው፦ ልጁ ቸልተኛ ሆኗል፣ ኮሚቴው እርምጃ ይወስዳል፣ አንቺ አትጨነቂ። እኔም እሺ አልኩህ።

እሁድ በዚያው መድረክ፣ የኔ ምስክርነት እንዳለቀ የወንድዬ የዕገዳ ደብዳቤ እንደሚነበብ ታውቃለህ? ዘካሪያስ ራሱ ነው የነገረኝ፤ ከጉባኤው ፊት ቆሞ ይሰማል፣ ለሌሎች ወጣቶች ትምህርት እንዲሆን። መጀመሪያ እኔን ያጨበጭቡልኛል፣ ከዚያ እሱን ያሳፍሩታል። እንደማታውቅ አድርጌ ልቀጥል። ብታውቅ ኖሮ ከዚያው ታስቆመው ነበር ብዬ ማመን እፈልጋለሁ።

መቼም ካምፑ እንዴት እንደተጀመረ ስትሰብክ ሰው ሁሉ ያለቅሳል። እኔም ስንት ጊዜ አልቅሻለሁ። ግን ልብ ብለህ ታውቃለህ? በስብከትህ ውስጥ አቡዘር የለም።

ዘጠኝ ዓመት ሆነው። አሥራ አራት ልጆች፣ አንድ ድስት፣ ከቤተ ክርስቲያን የተዋስነው ምንጣፍ። ከገላን ኮንዶሚኒየም ማዶ ያለውን ኮረብታ ባለቤቱ ለሦስት ቀን ፈቀደልን። ድንኳን ከየት ይምጣ? አቡዘር ነው ከመኪናው ላይ ሸራውን ከነገመዱ ፈቶ የሰጠን። አንዱ ሽማግሌያችን ደግሞ በሙስሊም ሸራ ሥር ነው የምንጸልየው ብሎ ሲያጉረመርም፣ አንተ ዝናቡ ይሄን አይጠይቅም ብለህ አፉን አስያዝከው። ያን ቀን ወንድሜ በመሆንህ እንዴት እንደኮራሁ።

አቡዘር ልጆቹ ተንጠልጥለው የሚንሸራተቱበትን ገመድ በሁለት ባሕር ዛፎች መሐል እየወጠረልን የቃሊቲን የጭነት ሥርዓት አስተማረን። አንዱ ያስራል፤ ሲጨርስ ጮክ ብሎ «አስሬያለሁ» ይላል። ያሰረው ሰው ግን ራሱ አይፈትሽም፤ የራሱ እጅ ሥራ ስለሆነ ስህተቱ አይታየውም። ሌላው መኪናውን ይዞርና እያንዳንዱን ገመድ በእጁ ጎትቶ «አይቻለሁ» ይላል። ሾፌሩ ይህችን ቃል ሳይሰማ ሞተር አያስነሳም፣ አለቃው ራሱ ቢጮህበት። አንተ ይሄን ሰምተህ ዓይንህ በራ። ወዲያው ሦስተኛ ቃል ጨመርክበት፦ አንዱ አስሬያለሁ ይላል፣ ሌላው አይቻለሁ ይላል፣ ከዚያ የሚወርደው ልጅ ራሱ «አሜን» ብሎ ይለቃል።

የመጀመሪያው ወራጅ ማን ነበር? ወንድዬ! አሥር ዓመቱ ነው፣ ሱሪው ሰፍቶት በሲባጎ ታስሯል። አሜን ሲል ድምፁ ተንቀጥቅጦ ሁላችንንም በሳቅ ገደለን። ከታች ሲደርስ ግን ድገሙኝ ብሎ አልቅሶ አስቸገረን።

ከዚያ አደግን። ማደጋችንን ጠላሁ አልልም፣ ውሸት ነው። ልጆች ከሳሪስ፣ ከቃሊቲ፣ ከቱሉ ዲምቱ በአውቶቡስ ይመጡ ጀመር፤ አስፋልት ላይ ኳስ ከመምታት ሌላ የማያውቅ ልጅ ተራራ ወጥቶ፣ ወንዝ ተሻግሮ፣ እሳት አንድዶ፣ መጽሐፍ ቅዱሱን በብብቱ ይዞ ሲመለስ እናቱ አታውቀውም። ሸራው በድንኳን ተተካ፣ ድንኳኑ በአዳራሽ። ብረት በያጆች አሥራ አንድ ሜትር የብረት ማማ አቆሙልን። ቢሮ መጣ፣ ማኅተም መጣ፣ ቲሸርት መጣ፣ ሥራ አስኪያጅ ተብሎ ዘካሪያስ መጣ። ዘንድሮ ሁለት መቶ ሠላሳ ልጆች አሉን። አንተም ሁለተኛውን ልትከፍት አርባ ምንጭ ወረድክ። ይሄ ሁሉ መልካም ነው።

ካቻምና እንግዶች የመጡ ዕለት የሆነውን ግን እንዳትረሳብኝ። ዘካሪያስ ጠጋ ብሎ፣ ማማው ላይ የሚጮኹት እንደ ታክሲ ተራ አስከባሪ ነው፣ መንፈሳዊ ቦታ አይመስልም አለህ። ሰልፉም ረዝሞ ልጆቹ ፀሐይ ላይ ቆመዋል። በዚያው ቀን ስብሰባ ጠርተህ ወሰንክ፦ ሁለቱ ቃላት ይቅሩ፤ ፍተሻው በዝምታ ይሁን፤ በቃላቱ ፈንታ አጭር ጸሎት ይደረግና አሜን ሲባል ልጁ ይውረድ። ተው ሊልህ የሚገባው ማን ነበር? እኔ ነኝ። እኔ ምን አልኩ? ሳቅሁ። እሰይ፣ ጉሮሮዬ አረፈልኝ አልኩ። እንግዲህ አንተን ብቻ እየወቀስኩ እንዳይመስልህ።

አሁን ወደ ማክሰኞ ልምጣ። ዘካሪያስ የላከልህ ሪፖርት እኔም ጋ አለ። እንዲህ ይላል፦ የአሥራ ሦስት ዓመቷ እየሩሳሌም ከማማው በገመድ ስትወርድ መንጠቆዋ በወፍራሙ ቀለበት ፈንታ የውኃ ኮዳ በሚንጠለጠልበት ቀጭን ማሰሪያ ላይ ተሰክቶ ስለነበር ማሰሪያው ተበጠሰ። የካምፑ መሥራች እህት መጠባበቂያ ገመዱን በባዶ እጇ ይዛ ልጅቷን ከመሬት ሁለት ሜትር ላይ አቆመቻት። መንጠቆውን የሰካው በጎ ፈቃደኛው ወንድዬ ነው። ይኸው ነው፣ አለቀ። ውሸት ፈልጌ አጣሁበት። አንድም የለበትም፤ ያስፈራኝም ይሄው ነው።

ሆስፒታል ሰው እንደ ጎርፍ መጣ። ብርቱካኑን የምናስቀምጥበት አጣን። እማዬ ከመጣው ሁሉ ጋር ተአምሩን ከመጀመሪያ እየጀመረች ታወራለች፤ በሦስተኛው ቀን ላይ ልጅቷ የወደቀችበት ማማ ከፍታው እጥፍ ሆኖ ነበር። ብዙወርቅ፣ የእየሩሳሌም እናት፣ አልጋዬ አጠገብ ተንበርክካ ፋሻዬን ሳመች። ይሄ እጅ ይባረክ፣ ልጄን የመለሰልኝ እጅ ይባረክ እያለች አለቀሰች። አፈር በበላሁ። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ፤ ትሕትና መሰላት፣ እንደገና ሳመችኝ።

ትናንት እቤት እንደገባሁ አቡዘር መጣ። ጫማውን በር ላይ አውልቆ ገብቶ እንደ ልማዱ ጉልበቱን አቅፎ ተቀመጠ። አላህ ይማርሽ አለኝ። ከዚያ፣ ለመሆኑ አይቻለሁ ያለው ማነው? ብሎ ጠየቀኝ።

ወንድም ጋሼ፣ በሦስት ቀን ውስጥ ይሄን የጠየቀኝ ሰው እሱ ብቻ ነው። ኮሚቴው ሁለት ጊዜ ተሰብስቦ አልጠየቀም። አንተም አልጠየቅኸኝም። እኔ ነኝ ማለት ሲገባኝ ሻዩን ወደሱ ገፋሁለት። እሱም አላስጨነቀኝም፤ ሻዩን ጠጥቶ፣ ቅዳሜ ወደ ታች እወርዳለሁ፣ ለወንድምሽ የምትልኪው ካለ አዘጋጂ ብሎኝ ወጣ።

እንግዲህ ለሱ ያልወጣልኝን ላንተ ልጻፈው። ከማማው ላይ ሁለት ሰው ነው የሚቆመው። ወንድዬ ከፊት ያስራል። እኔ ደግሞ ሁለት ሥራ አለኝ፦ እሱ የሰካውን መንጠቆ በእጄ ጎትቼ ማየት፣ ከዚያ ከልጅቷ ጀርባ ያለውን መጠባበቂያ ገመድ ጫፉን ከምሰሶው ጋር ማሰር። ያን ዕለት እንግዶች ነበሩ፣ ካሜራም ነበር፣ ዘካሪያስ ከታች ድምፅ ማጉያ ይዟል። ወንድዬ የልጅቷን ቀበቶ እስኪያጠብቅ መንጠቆውን ለጊዜው ቀጭኑ ማሰሪያ ላይ ሰካው። ሁልጊዜ እንደዚያ ነው የሚያደርገው፣ እኔም አደርጋለሁ፣ ያስተማርከንም አንተ ነህ። ልክ በዚያች ቅጽበት ዘካሪያስ፣ ሁላችሁም ባላችሁበት እጃችሁን ወደ ጌታ አንሱ፣ እንጸልይ አለ።

ወንድዬ ቀበቶውን ለቅቆ እጁን አነሳ። እኔም ገመዱን እግሬ ሥር ጣል አድርጌ እጄን አነሳሁ። ዓይኔንም ጨፈንኩ። ጸሎቱ ደግሞ እንዴት ያለ ጸሎት መሰለህ! ስላንተ ነው የሚጸልየው፣ ስለ ዘጠኙ ዓመት፣ ስለ አርባ ምንጭ። እንባዬ ወረደ። እስኪ ፍረደኝ፣ አሥራ አንድ ሜትር ላይ ቆሜ፣ ያልታሰረች ልጅ ከፊቴ አቁሜ፣ ዓይኔን ጨፍኜ በደስታ አለቀስኩ። ከዚያ ሁለት መቶ ሠላሳ ልጅ በአንድ አፍ አሜን አለ።

እየሩሳሌም ምን ታድርግ? አሜን ሲባል ውረጂ ብለን ያስተማርናት እኛ ነን። ታዛዥ ልጅ ናት፣ ወረደች።

ዓይኔን የከፈትኩት ገመዱ ቁርጭምጭሚቴን እየላጠ ሲሮጥ ነው። እንዴት እንደያዝኩት አላውቅም። ምሰሶው ላይ ጠመዘዝኩት፣ እጄ ግን ሳይወጣ ከብረቱና ከገመዱ መሐል ቀረ። ብቻዬን ብሆን አልችለውም ነበር፤ ወንድዬ ከኋላዬ ተወርውሮ ገመዱን ጨበጠና ሙሉ ክብደቱን ጣለበት፣ ያኔ ነው የቆመው። ይሄ ሪፖርቱ ላይ የለም። የሱ መዳፍም ተገሽልጧል፤ ለማንም ሳያሳይ ኪሱ ውስጥ ከትቶት ነው የዋለው። ሐኪሙ ስለ ሁለቱ ጣቶቼ የነገረኝን ደግሞ ለእማዬ አልነገርኳትም፤ አንተም እንዳትነግራት። የፋሻው ውፍረት ነው እያልኳት ነው።

ወንድዬ ኮሚቴው ፊት የተናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ያሰርኩት እኔ ነኝ። ስለኔ አንዲት ቃል አላነሳም። ቲሸርቱን እዚያው አስወለቁት፤ ያን ሁሉ መንገድ በካናቴራ ነው ወደ ቤቱ የሄደው። ዛሬ ጠዋት ልጅ ልኬበት መጣ። ለምን አልተናገርክም ብዬ ጮኽኩበት፤ ታውቀኛለህ፣ ስናደድ ድምፄን አልቆጣጠረውም፣ እማዬ ከጓሮ ሮጣ መጣች። እሱ አንገቱን ደፍቶ፣ አንቺ እኮ እጅሽን ሰጥተሻል፣ እኔ ምን ሰጠሁ? አለኝ። እንግዲህ በል። አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። በእጃችን ያሳደግነው ልጅ ስሙን ሊሰጥልኝ ነው የመጣው፣ እኔም ሦስት ቀን ሙሉ ዝም ብዬ ልቀበለው ነበር። ብርቱካን እየላጡ ሲያጎርሱኝ ልቀበለው ነበር!

አሁን የምትለውን አውቃለሁ። የአርባ ምንጩ ቦታ ገና አልጸደቀልኝም ትላለህ። ካምፑ ይዘጋል፣ ወላጆች ልጆቻቸውን ይወስዳሉ፣ የዘጠኝ ዓመት ድካም በአንድ ቀን ይፈርሳል፣ ቢያንስ የአርባ ምንጩ እስኪመረቅ ጠብቂ ትላለህ። ሁሉም ሊሆን ይችላል። እኔም ፈርቻለሁ። ያንን ኮረብታ ከማንም በላይ እወደዋለሁ፣ ትዳሬም ልጄም እሱ ነበር፣ አንተም ታውቃለህ። ግን ወንድዬን ጉባኤ ፊት አቁመን በልጁ ውርደት የምናድነው ካምፕ ከሆነ፣ ለማን ብለን ነው የምናድነው? አሥራ አራቱን የሰበሰብናቸው ለምን ነበር?

ዘካሪያስ የምስክርነቴን ንግግር በኮምፒውተር ጽፎ አምጥቶልኛል፤ አምስት ደቂቃ ነው፣ ያምራል። መጨረሻው ላይ በቅንፍ፣ እጅን ከፍ አድርጎ ማሳየት ይላል። ተቀበልኩት። አመሰገንኩትም። እሁድ እመሰክራለሁ፤ እሺ ብዬህ የለ? እጄንም ከፍ አድርጌ አሳያለሁ፤ የምናገረው ግን እዚህ የጻፍኩልህን ነው።

ስልኬ ከዛሬ ጀምሮ ዝግ ነው። ባትሪው እንዳይመስልህ። እማዬ ጋ ደውለህ አገናኚኝ ብትላትም ተኝታለች እንድትልህ ነግሬያታለሁ፤ ለምን እንደሆነ አታውቅም፣ አትቆጣት።

አንድ ነገር ልለምንህ፣ እንደ ታናሽ እህትህ ሳይሆን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ገመድ እንደያዘች ሰው። እዚያ ማማ ከመትከልህ በፊት ሁለቱን ቃላት መልሳቸው። እንግዳ ቢስቅም ይሳቅ። ዓይን ተጨፍኖ የሚጸለየው መሬት ላይ ይሁን። አቡዘር ደብዳቤውን ሲሰጥህ ደግሞ እንዲሁ አታሰናብተው፤ አስገባው፣ አብላው፣ ልጆችህ ፊት ማን እንደሆነ ንገራቸው። ተቆጥተህ ከሆነም ቁጣህን በሱ አትወጣ፤ ፖስታው ውስጥ ምን እንዳለ አያውቅም።

ጌታ ጉልበትህን ያድስ፣ የጀመርከውን በእውነት ላይ ያቁምልህ፣ ከእጅህ የሚወርድ ልጅ ሁሉ በሰላም መሬት ይርገጥ። ብትጠላኝም እወድሃለሁ። እማዬ ትስምሃለች፤ ካልሲ ልኬልሃለሁ ብላለች፣ በዚያ ሙቀት ካልሲ ምን እንደምታደርገው እኔ አላውቅም።

ፖስታውን ከማሸጌ በፊት ወንድዬ እንዲያነበው ልሰጠው ነው፤ ከጎኔ ተቀምጧል። እኔ በበኩሌ አስሬያለሁ።

እህትህ

አይቻለሁ። አንድ ነገር ጎድሏል፤ እኔም ዓይኔን ጨፍኜ ነበር።
ወንድዬ